የዳግዱ መወርወሪያ

ቦልተን፣ እንግሊዝ
ማርች 2 ቀን 2011

ለተከበሩት ቫሂኒ፣ ለወንድሜ ለዳግዱ ባለቤት ለሼቫንታ፤

አምላካችን ቪቶባ ደጃፍዎን አይርሳ፤ ጤናዎን ይጠብቅልኝ። እኔም ቤተሰቤም ደህና ነን፤ ጉልበቴ ብቻ ብርድ ባየ ቁጥር ያምፅብኛል።

ዛሬ የምጽፍልዎ በደስታ ነው። ልጄ ቫይዴሂ ሥራ አገኘች፤ ያውም እዚያው ሙምባይ፣ ላልባግ፣ እኔና ዳግዱ በወጣትነታችን ያረጀንበት ፋብሪካ ውስጥ። ከፈረሰው የተረፈውን የሽመና አዳራሽ ሙዚየም ሊያደርጉት ነው። ዕቃ የምትሰበስበውም፣ ሠራተኛ የምትቀጥረውም፣ ታሪኩን የምታዘጋጀውም እሷ ናት። በሚቀጥለው ሳምንት ትነሳለች፤ እንደ ልጅዎ ይቀበሏት።

ባለፈው እሁድ እዚህ ላንክሻየር ወዳለ አንድ የድሮ ፋብሪካ ሙዚየም ወስዳኝ ነበር። ስንት ዓመት ደመወዝ እየተከፈለኝ የገባሁበትን ዓይነት አዳራሽ ዘንድሮ ትኬት ቆርጬ ገባሁ ብዬ ሳቅሁ። ከዚያ አንዲት ሴት ማሽኑን ስታስነሳው ሳቄ ጠፋ። ወለሉ ሲንቀጠቀጥ እግሬ ሳላዘው ቦታውን ያዘ። ሴትየዋ መወርወሪያውን ወደ አፏ አስጠግታ የማጉን ክር በቀዳዳው ስባ ስታወጣ የፈረንጅ ልጆች ፊታቸውን አጨፈገጉ። እኔ ዳግዱ ትዝ አለኝ፤ እንደሱ ቶሎ የሚስብ በአዳራሻችን አልነበረም። አለቀስኩ፤ ልጄም አየችኝ።

የእሱ መወርወሪያ እርስዎ ዘንድ እንዳለ ነግሬያታለሁ። ሙዚየሙ ውስጥ ቢቀመጥ ስሙ አይጠፋም ትላለች። እባክዎ ይስጧት።

አክባሪዎ ጋንጋራም

•

ላልባግ፣ ሙምባይ
ማርች 28 ቀን 2011

ለጋንጋራም ባኦጂ፤

የመንደራችን አምላክ አንተንም ያን የሚያምፅብህን ጉልበትም ይጠብቅ። እኔ ደህና ነኝ። ሰው አልሞተብኝም፤ የሚሞትብኝም አልቀረ።

ልጅህ ደረሰች። ደረቅ ዓሣ በሚጥሚጣ ሠራሁላት፤ ዓይኗ እያለቀሰ ጠርጋ በላች፤ ያኔ ወደድኳት። ንግግሯ ግን ጉድ ነው። ቋንቋችንን ከማን አስተማርካት? ደረጃ የሚጠርገውን ልጅም፣ ድመቴንም "እርስዎ" ትላለች። የሕንፃችን ነዋሪ ሁሉ እሷን ለመስማት በር በሩ ላይ ይቆማል፤ እሷም አብራ ትስቃለች።

መወርወሪያውን ሰጠኋት። ቀላል ነገር እንዳይመስልህ። ከዳግዱ ፎቶ ሥር ነበር የማስቀምጠው። የቀዳዳው ዳር ከንፈሩ የነካው ስፍራ ለስልሷል፤ አንዳንድ ቀን ጣቴን አደርግበት ነበር። ሰጥቻት ስትወጣ ዕቃ እንደጠፋበት ሰው ቤቱን ስዞር ዋልኩ።

እኔ ዳግዱ ከሞተበት ቀን ወዲህ በፋብሪካው በር አልፌ አላውቅም፤ ገበያ ስሄድ በድልድዩ እዞራለሁ። ልጅህ ግን በሠራተኞቹ አድማ የሞቱት ሰዎች ስም ግድግዳ ላይ ይጻፋል ብላኛለች። ሲጻፍ ለማየት እገባለሁ።

ወፍራም የሱፍ ካልሲ ላክልኝ፤ ሲሚንቶው ይቀዘቅዘኛል። የወንድምህ ሚስት፣ ሼቫንታ

•

ቦልተን
ጁን 20 ቀን 2011

ለተከበሩት ቫሂኒ፤

ቤትዎ በበረከት ይሙላ። መልስ ስላዘገየሁ ይቅርታዎን እለምናለሁ፤ ጉልበቴ ነው። ካልሲውን ልኬያለሁ።

ስለ መወርወሪያው አመሰግናለሁ። ቫይዴሂ እርስዎን አንስታ አትጠግብም። አንድ ነገር ብቻ ልለምንዎ። ክረምቱ እስኪያልፍ ወደ ሙዚየሙ አይሂዱ። ግንበኞቹ አልወጡም፣ አቧራው ለደረትዎ አይሆንም። ምርቃቱ በዳሳራ በዓል ነው። ከዚያ በኋላ ተረጋግተው ቢያዩት ይሻላል። እንዲያውም እኔ ራሴ እመጣለሁ፤ አብረን እንገባለን።

አክባሪዎ ጋንጋራም

•

ላልባግ
ጁላይ 15 ቀን 2011

ለጋንጋራም ባኦጂ፤

ሰላም ላንተ። አትሂጂ ስትለኝ ነው የሄድኩት። ዝናቡ ጋብ ሲል ጃንጥላዬን ይዤ በዚያ በር ገባሁ። ምርቃቱ ሳይደርስ ለተማሪዎችና ለእንግዶች እያስጎበኙ ነበር፤ ከሰው ኋላ ሆኜ ተከተልኩ።

አስጎብኚው ባባን ነው። ባባን ሼላር። ፀጉሩ ነጭ ሆኗል፣ ትከሻው ግን ያው ነው፤ የግራ ጆሮው ጫፍም እንደተቆረጠ ነው። ሱራት ከተማ ሄዶ ሲሸምን ኖሮ ተመለሰ አሉ። እነዚያን አሮጌ ማሽኖች የሚያስነሳ ሌላ ሰው ስለጠፋ ልጅህ ቀጠረችው።

ዳግዱ ሲገደል አንተ እዚያው እንግሊዝ ነበርክ፤ ስለዚህ ያየሁትን ልንገርህ። አድማው ሁለተኛ ክረምቱን ይዞ ነበር። ዳግዱ ማንም ገብቶ እንዳይሠራ በሩ ላይ ተረኛ ሆኖ ሳለ ምሳውን ይዤለት ስሄድ፣ አድማ ለማፍረስ የተገዙት ሰዎች በመኪና መጡ። ፊት ሆኖ የወረደው ባባን ነው። ከዳግዱ ማሽን ቀጥሎ የሚሠራው፣ ቤቴ ቁጭ ብሎ ሩዝ የበላው ባባን። ሁለት ሰዎች ዳግዱን ያዙት። ባባን እጆቹን በበሩ ብረት ላይ አስዘርግቶ በዘንግ ቀጠቀጣቸው፤ መጀመሪያ ቀኙን፣ ከዚያ ግራውን። አጥንቱ ሲደቅ እኔ ካለሁበት ይሰማል። "በል አሁን ሽመን" አለው። ዳግዱ ውሃ ለመነ። ባባን ዘንጉን በሁለት እጁ ይዞ ጭንቅላቱን እስኪደክመው መታው። የምሳ ዕቃው ከእጄ ወድቆ ሩዙ ደሙ ውስጥ ተበተነ። ቀን ነበር፤ መንገዱ ሰው ሞልቶት ነበር። ፖሊስ ሲጠይቅ ሁሉም አላየሁም አለ። እኔ አየሁ ብል የሟች ሚስት ናት ብለው መዝገቡን ዘጉት።

አሁን እዚያው በር ሥር ቆሞ ለእንግዶች ምን እንደሚላቸው ታውቃለህ? "ወንድሜ ዳግዱ እዚህ ወደቀ፤ እቅፌ ውስጥ ነው የሞተው።" ሴቶቹ መሐረብ ያወጣሉ። ከዚያ አዳራሹ ውስጥ አስገብቷቸው የዳግዱን መወርወሪያ አነሳ፣ አፉ ውስጥ ከተተው፣ ክሩን ስቦ አወጣ። የዳግዱ ከንፈር በነካው ላይ፣ ባኦጂ። እንግዶቹ አጨበጨቡ።

እገድለዋለሁ። በንዴት የምለው እንዳይመስልህ፤ ራቴን በልቼ፣ ዕቃዬን አጥቤ ነው የምጽፍልህ። ቀኑንም መርጫለሁ፤ ዳሳራ ነው። ሁሉም የሥራ ዕቃውን አጥቦ፣ ቀይ ዱቄት ቀብቶ፣ አበባ አልብሶ ይሰግድለታል አይደል? የድሮ ሠራተኞች በዚያን ቀን ዕቃቸውን ይዘው ገብተው ማሽኖቹ ፊት እንዲሰግዱ ተፈቅዷል። የእኔ የሥራ ዕቃ ኮኮናት የምፈልጥበት ገጀራ ነው፤ ዳግዱ ከሞተ ወዲህ ሠራተኛ እያበላሁ የኖርኩት በሱ ነው። በሌላ ቀን ዘበኛው ቦርሳዬን ይበረብራል። በዳሳራ ግን አበባ የለበሰ ገጀራ ሲያይ መዳፉን ገጥሞ ይሰግድለታል።

ካልሲው ደርሶኛል፤ ይሞቃል። ሼቫንታ

•

ቦልተን
ኦገስት 3 ቀን 2011

ለተከበሩት ቫሂኒ፤

አምላክ ክፉውን ሐሳብ ከልብዎ ያውጣልኝ። ደብዳቤዎ እንደደረሰኝ ቆሜ ነው የምጽፈው።

በመጀመሪያ፣ እሱ መሆኑን እርግጠኛ ነዎት? ዘመኑ ረዥም ነው፤ ጆሮው የተቆረጠ ሸማኔ ደግሞ እሱ ብቻ አይደለም። ሁለተኛ፣ ያች ልጅ አለች። ይህ በሕይወቷ የመጀመሪያ ትልቅ ሥራዋ ነው። በቀጠረችው ሰው ላይ ደም ቢፈስ ምን ትሆናለች? እባክዎ ለሷ ምንም አይንገሯት፤ ትሰበራለች።

እኔ እመጣለሁ። አብረን ተቀምጠን፣ ጠበቃ ይዘን፣ እንደ ሰው እንነጋገራለን። እስክመጣ ይጠብቁኝ ብዬ በዳግዱ ስም እለምንዎታለሁ።

አክባሪዎ ጋንጋራም

•

ላልባግ
ኦገስት 30 ቀን 2011

ለጋንጋራም ባኦጂ፤

እድሜ ይስጥህ። ደብዳቤህ ሳይደርሰኝ ለልጅህ ነግሬያታለሁ።

ሰማችኝ፤ እጄን ይዛ አለቀሰችም። ሄዳ ባባንን ጠየቀችው። እሱም እግሯ ላይ ወድቆ አለቀሰላትና፣ ምስኪኗ ሴትዮ ሐዘን አእምሮዋን እንደነካት፣ ዳግዱን ያቀፈ ሰው ሁሉ ገዳይ እንደሚመስላት ነገራት። ተመልሳ መጣችና ሌላ ያየ ሰው አለ ወይ አለችኝ። የሚናገር የለም አልኳት። ያለማስረጃ ማባረር እንደማትችል በዚያ ባማረ አነጋገሯ አስረዳችኝ። አልተቆጣኋትም። ያላየችውን እንዴት ትወቅ?

በማግስቱ ባባን ራሱ ቤቴ መጣ። ጣፋጭ በካርቶን ይዟል። ሳልጋብዘው ተቀመጠና የዳግዱን ፎቶ ቀና ብሎ አየ።

"ለልጅቷ የምታወሪላትን ሰምቻለሁ" አለኝ። "ብቻሽን ነው አይደል የምትኖሪው? ደረጃሽ አርጅቷል። በዝናብ ያንሸራትታል፤ የሚያነሳሽም የለ።"

"አንተ ለመጣል እንጂ ለማንሳት መቼ ታውቃለህ" አልኩት።

ሳቀ። ሲወጣ ጉንጬን በሁለት ጣቱ ቆነጠጠኝ፤ ማታ በመስታወት ሳየው ጠቁሯል። ጣፋጩን ለውሾች ሰጠሁት፤ እነሱ ምን በደሉኝ ብዬ ደግሞ ተጸጸትኩ።

አሁን አንድ ነገር ልለምንህ። ካልሲም፣ ሌላም አልፈልግም። ያ ጆሮ በማሽኑ ቀበቶ ሲቆረጥ ደሙን በሸሚዝህ ያሰርክለት አንተ ነህ፤ ዳግዱ ስንቴ ነግሮኛል። ማን እንደሆነ ታውቀዋለህ። ለልጅህ አንዲት መስመር ጻፍላት፦ "ያ ሰው ባባን ነው፤ ቫሂኒ ያለችሽ እውነት ነው" በላት። እኔን ባታምን አባቷን ታምናለች። ከዚያ አዳራሽ ታስወጣው፤ መወርወሪያውን ከአፉ ትንጠቅልኝ፤ ሌላ አልጠይቅም። ገጀራዬን ቤት እተዋለሁ፤ በዳግዱ ስም እምልልሃለሁ። ካልጻፍክ ግን የማደርገውን ነግሬሃለሁ። ሼቫንታ

•

ቦልተን
ሴፕቴምበር 21 ቀን 2011

ለተከበሩት ቫሂኒ፤

በዓሉን በደስታ ያድርስዎ። መልሴ የዘገየው ሐኪም ቤት እየተመላለስኩ ስለሆነ ነው።

የጠየቁኝን በሚገባ አስቤበታለሁ። እጽፍላታለሁ። ነገር ግን ለምርቃቱ ትልልቅ እንግዶች ተጠርተዋል፤ ጋዜጠኞች ይመጣሉ፤ ማሽኑን የሚያስነሳው ደግሞ እሱ ብቻ ነው። አሁን ብነግራት ሁሉም ነገር ይፈርስባታል። ምርቃቱ ይለፍ፤ በማግስቱ እነግራታለሁ። ከዲዋሊ በዓል በኋላም ትኬት ቆርጬ እመጣለሁ። ይህን ያህል ዘመን የታገሱ ሰው ጥቂት ቀን አያቅትዎትም።

በዚያን ቀን ቤትዎ ይዋሉ። ስለ እኔ ብለው።

አክባሪዎ ጋንጋራም

•

ሙምባይ፣ ከእስር ቤት
ኦክቶበር 20 ቀን 2011

ለጋንጋራም ባኦጂ፤

ቪቶባ ልብህን ያጽናው። ቁጭ ብለህ አንብብ። ይህችን ደብዳቤ ምግብ የምታመጣልኝ ጎረቤቴ ደብቃ ታወጣታለች፤ ልጅህ እንደጻፍኩልህ አታውቅም።

በዳሳራ ጠዋት ሄድኩ። ዘበኛው ለገጀራዬ ሰግዶ አስገባኝ። እንግዶቹ ግቢው ውስጥ ወንበር ይሻሙ ነበር፤ አዳራሹ ውስጥ ያለው ባባን ብቻ ነው። ማሽኑን አበባ እያለበሰ ጀርባውን ሰጥቶኛል። ያ ጀርባ ስንቴ በሕልሜ መጥቶብኛል። ጫማዬን አውልቄ ተጠጋሁና ገጀራውን አነሳሁ።

መምታት አልቻልኩም። ፈርቼ አይደለም፤ አዝኜለትም አይደለም። በጠዋት ያን ገጀራ በገዛ እጄ አጥቤ፣ ቀይ ዱቄት ቀብቼ፣ የዘይት መብራት በፊቱ አዙሬለት ሰግጄለታለሁ። የተሰገደለት ዕቃ በዚያን ቀን ያርፋል፤ ሽንኩርት እንኳ አይከተፍበትም። አንተም ታውቃለህ፤ በዳሳራ ማሽን የነካ ሸማኔ አይተን አናውቅም። ዘበኛውን ላታልልበት ያሰብኩት አበባ እኔን ራሴን ያዘኝ። ስንት ወር ሳቅድ ይህ አንዴ እንኳ ብልጭ አላለልኝም፤ ጅል ነኝ። ገጀራውን ማሽኑ ላይ ከሌሎቹ ዕቃዎች ጎን አስቀመጥኩት።

ዝም ብዬ መውጣት ግን አቃተኝ። "ባባን" አልኩት፤ "ውሃ ሲለምንህ ለምን አልሰጠኸውም?"

ዞር ብሎ አየኝ፤ ብቻዬን መሆኔን አረጋገጠ። "ውሃ ቢጠጣ ይቆይ ነበር" አለኝ። "እንዲቆይ አይደለም የተከፈለኝ። አንቺን ግን በነጻ ነው።"

ጉሮሮዬን በሁለት እጁ ያዘኝ። ከመሬት አንስቶ ከማሽኑ ጋር አጋጨኝ፤ የጎድን አጥንቴ ሲሰበር ሰማሁት። አየር አጣሁ፤ ዓይኔ ጨለመ። ልጅህ በሩ ላይ ቆማ ነበር። የተናገረውን ሁሉ ሰምታለች። "ይልቀቋት!" አለች፤ ባኦጂ፣ ያኔ እንኳ "ይልቀቋት" ነው ያለችው። አልለቀቀኝም፤ ጭራሽ አጠበቀ። እሷ ሮጣ መጥታ ገጀራውን አነሳች። ለሷ ብረት ነው፤ ማን አስተምሯት?

የመጀመሪያው አንገቱና ትከሻው መሐል ገባ። ለቀቀኝ፤ ወደቅሁ። እሱም በጉልበቱ ወደቀ። ደሙ ድሩ ላይ ተረጨ፤ ነጩ ክር እስከ ታች ቀላ። አንገቱን በአንድ እጁ ይዞ ሌላውን ወደ እሷ ዘረጋ፤ ይለምናት ነበር። አትምቺው ልል ነበር፤ ድምፅ የለኝም። ሁለተኛውን ራሱ ላይ መታችው። ገጀራው አጥንት ውስጥ ተቀርቅሮ እጀታው ከእጇ አመለጠ።

የመጀመሪያው እኔን ለማዳን ነበር። ዳኛም ያንን ይረዳል። ሁለተኛው ግን የወደቀ ሰው ላይ ነው፤ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ በሱ እስር ቤት ታረጃለች። ስለዚህ እየዳህኩ ሄጄ ገጀራውን ነቅዬ ያዝኩት። እሷን አጥብቄ አቀፍኳት፤ ሰዎቹ ሲገቡ ሁለታችንም ደም በደም ነበርን፤ ማን ከማን እንደተቀባ ማንም አልጠየቀም። እኔ ነኝ አልኩ። ገጀራው የእኔ፣ ቂሙ የእኔ፤ ላልባግ ሁሉ ያውቀዋል፤ ወዲያው አመኑኝ።

እሷ ግን አላርፍም አለች። መርማሪው ፊት ከመቅረቧ በፊት እውነቱን እናገራለሁ ብላ እግሬ ላይ ወደቀች። "ብትናገሪ ውሸቷን ነው እላለሁ" አልኳት፤ "ማንን የሚያምኑ ይመስልሻል?" በአንድ ሌሊት አረጀችብኝ። የሚያስፈርሟትን ፈረመች። የቆመልኝ ጠበቃ ቃሏን ስለሰጠች መሄድ ትችላለች ብሏል።

የባባንን ሞት ሃያ ስምንት ዓመት ተመኝቼዋለሁ። መጣ፤ ምንም አልጣፈጠኝም። ከዚያ ሁሉ የቀረኝ ያች ልጅ እቅፌ ውስጥ ሆና ጥርሷ ሲንቀጫቀጭ ነው። ዳሳራን የመረጥኩት እኔ ነኝ፤ ገጀራውን እጇ ሥር ያስቀመጥኩላትም እኔ ነኝ። ይህ ያቃጥለኛል።

ፖሊስ ጣቢያ ሳለን አንድ ነገር ነገረችኝ። የባባንን ፎቶ በሜይ ወር ልካልህ ኖሯል፤ አንተም "ጥሩ ሠራተኛ ይመስላል" ብለህ መልሰህላታል። ጆሮውን እያየህ። እኔን ደግሞ አቧራው ለደረትሽ አይሆንም አልከኝ። ልሰድብህ ብዙ አሰብኩ፤ ተውኩት።

አሁን የምትሠራውን ስማ። እገድለዋለሁ ብዬ የጻፍኩልህን የጁላይንና የኦገስትን ደብዳቤ ለመርማሪው ፖሊስ ላክለት። በገዛ እጄ ጽሕፈት፣ በገዛ ስሜ ነው፤ ከዚህ በኋላ ልጅህ ብትጮህ እንኳ የሚሰማት የለም። ይህችን ግን አሁኑኑ አቃጥላት። ጠበቃው ይቆጨዋል፤ በአንገቴ ላይ ያለው የጣቱ ምልክት ቅጣቱን ያቀልልኝ ነበር ይላል። ተወው፤ እንደ ዛተችው አደረገች ይበሉኝ፤ እኔ ቤት የሚጠብቀኝ ድመት ብቻ ነው፤ እሱንም ጎረቤቴ ወስዳዋለች።

ከሷ ጋር ስትሆን ስለ እኔ አታውራላት። ብትነግርህ ስማት፤ ካልነገረችህ አትጠይቃት። ቢላዋ ካየች ትንቀጠቀጣለች፤ ወጥ ቤት ብቻዋን አታስገባት። ኖቬምበር 10፣ ሐሙስ ማታ ማንቸስተር አውሮፕላን ማረፊያ ትደርሳለች። እመጣለሁ አትበላት፤ ቀድመህ ሂድና ቁም።

የወንድምህ ሚስት፣ ሼቫንታ